ቂጥኝ ወይስ ግርሻ? የስፓይሮኬቶችን የጋራ አንቲጂን እያሰቡ የደም ምርመራ ውጤትን የማንበብ መመሪያ

ሐረር ውስጥ በላቦራቶሪ ሥራ ካሳለፍኳቸው ዓመታት አንድ ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ድሬዳዋ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ በወባ ታማ ነበር፤ መድኃኒቷን ከጨረሰች ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ለቅድመ ወሊድ ክትትል ደም ሰጠች። አርፒአር የሚባለው የቂጥኝ የመጀመሪያ ማጣሪያ ምርመራዋ ሪአክቲቭ ሆነ፣ ማለትም ምላሽ አሳየ፤ ውጤቱን የነገራት ሰውም «ቂጥኝ አለብሽ» ብሎ አሰናበታት። እኔ ዘንድ ስትደርስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ባለቤቴ ነው ያመጣብኝ ማለት ነው?» አለችኝ። የያዘችው ወረቀት ላይ የነበረው ግን «1:2» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ማረጋገጫ አልተሠራም፤ ስለ ወባው የጠየቃትም የለም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሐረርና በድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠሩ ባልደረቦቼ፣ ውጤቱን ተቀብለው መድኃኒት ለሚያዙ ነርሶችና ሐኪሞች፣ እንዲሁም ሙያውን በመማር ላይ ላሉ ተማሪዎች ነው። ልናስታውሰው የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ የሴረም (የደም ውኃ) ምርመራ የሚያሳየን አንድን አንቲጂን፣ ማለትም ሰውነት እንደ ባዕድ የሚያየውን ነገር፣ የሚያውቅ አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) በታካሚው ደም ውስጥ መኖሩን ነው። ያ አንቲጂን የአንድ ባክቴሪያ የብቻ ንብረት ከሆነ የበሽታውን ስም መጥራት እንችላለን፤ ዘመዳሞቹ ባክቴሪያዎች የሚጋሩት ከሆነ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን።

የጋራው የቱ ነው፣ የግሉስ?

ስፓይሮኬት የሚባሉት ባክቴሪያዎች እንደ ሞላ የተጠማዘዘ ቀጭን አካል ያላቸው ናቸው። ሰውን ከሚያሳምሙት መካከል በዋናነት የሚታወቁት ሦስት ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያው ትሬፖኔማ ሲሆን ቂጥኝን ያመጣል፤ ሁለተኛው ቦሬሊያ ሲሆን በልብስ ቅማል የሚተላለፈውንና በተለምዶ ግርሻ የሚባለውን የሚያገረሽ ትኩሳት ያመጣል፤ ሦስተኛው ሌፕቶስፓይራ ሲሆን በአይጥና በከብት ሽንት በተበከለ ውኃ ይተላለፋል። ሦስቱም የሚንቀሳቀሱበት መንገድ አንድ ነው። ፍላጀላቸው እንደ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ውጭ አይወጣም፤ በውጭኛውና በውስጠኛው ሽፋን መካከል ተጠምጥሞ መላ አካላቸውን ያሽከረክራል። ይህ ሞተር የተሠራበት ፍላጀሊን የሚባለው ፕሮቲን በሦስቱም ወገኖች ዘንድ ተቀራራቢ ነው። ግሮኢኤል የተባለውና ባክቴሪያው በሙቀት ወይም በሌላ ጫና ውስጥ ሲገባ በብዛት የሚያመርተው ፕሮቲንም እንዲሁ ነው፤ ይህኛው እንዲያውም ከስፓይሮኬቶች ውጭ ባሉ ባክቴሪያዎችም ውስጥ ይገኛል።

ልብ ማለት የሚገባው የጋራው ነገር በአብዛኛው ከሽፋኑ በታች፣ የግሉ ደግሞ በአብዛኛው ከላይ መሆኑ ነው። ቦሬሊያ በውጭ ሽፋኑ ላይ የሚደርበውን ፕሮቲን በየጊዜው ይለውጣል። ሰውነት የመጀመሪያውን ልብስ አውቆ አንቲቦዲ ሠርቶ ሲያጠቃው፣ ልብሱን የቀየረው ጥቂት ክፍል ተርፎ ይራባና ትኩሳቱ ያገረሻል። ከሥር ያለው ፍላጀላ ግን አልተለወጠም፤ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ትኩሳት የተሠራው የፍላጀሊን አንቲቦዲ ያው አንድ ነው። በሽታውን ለማጥፋት ብዙም የማይጠቅመው ይህ አንቲቦዲ ነው እንግዲህ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ገብቶ የቂጥኝ አንቲቦዲ መስሎ ሊታየን የሚችለው።

ሌላም ምንጭ አለ። በጤናማ ሰው አፍ ውስጥ፣ በድድና በጥርስ መካከል፣ እንደ ትሬፖኔማ ዴንቲኮላ ያሉ ትሬፖኔማዎች ይኖራሉ። ስለዚህ ቂጥኝ ይዞት የማያውቅ ሰው ደም ውስጥ ሁሉ ለወገኑ የጋራ አንቲጂን የተሠራ ጥቂት አንቲቦዲ ሊገኝ ይችላል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ሴረሙን ሳያቀጥንና ሳያጣራ ቢመረምር ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ ያደርጋል።

የትሬፖኔማ ፓሊደም መለያ ናቸው የሚባሉት 47፣ 17 እና 15 ኪሎዳልተን የሚመዝኑት ሊፖፕሮቲኖች ናቸው፤ ዘመናዊዎቹ ፈጣን ምርመራዎችም በአብዛኛው የተሠሩት ከእነዚህ ነው። ሆኖም እነዚህም ቢሆኑ ቂጥኝን ከያውስና ከቤጄል፣ በግብረ ሥጋ ከማይተላለፉት ዘመዶቹ፣ አይለዩም። ምክንያቱም ያውስን የሚያመጣው ባክቴሪያ የዚያው የትሬፖኔማ ፓሊደም ንዑስ ዝርያ ነው፤ 1.14 ሚሊዮን ቤዝ ገደማ ከሚሆነው የሁለቱ የዘር ቅንጣት ውስጥ የሚለያየው ከ0.2 በመቶ በታች ነው። በሴረም ምርመራ እነዚህን መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው የታካሚው ዕድሜ፣ የቁስሉ ቦታ፣ የኖረበት አካባቢና የዘር ቅንጣት ምርመራ ብቻ ነው።

ካርዲዮሊፒን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1906 ቫሰርማን፣ ናይሰርና ብሩክ የቂጥኝን የደም ምርመራ ሲጀምሩ አንቲጂን አድርገው የተጠቀሙት በቂጥኝ ከሞተ ጽንስ ጉበት የተዘጋጀ ጭማቂ ነበር፤ በውስጡ ያለው ባክቴሪያው ራሱ ነው ብለው አምነው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጤናማ የበሬ ልብ ጭማቂም ያንኑ ውጤት እንደሚሰጥ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1941 ሜሪ ፓንግቦርን ከበሬ ልብ ለይታ ያወጣችው ቅባት ካርዲዮሊፒን ተባለ፤ ዛሬ በአርፒአርና ቪዲአርኤል በሚባለው መሰል ምርመራ የምንጠቀመው እርሱን ነው። ካርዲዮሊፒን በራሳችን ሴሎች ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ቅባት ነው። ሴሎችን የሚያፈርስ ማንኛውም ሕመም ይህን ቅባት አውጥቶ ለሰውነት መከላከያ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አርፒአር ሪአክቲቭ ሲሆን ምላሹን የሚጋሩት ስፓይሮኬቶች ብቻ አይደሉም፤ ወባ፣ ሥጋ ደዌ፣ ሉፐስ (መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት ሕመም)፣ አንዳንዴም እርግዝና ይጋሩታል።

ደረጃ አንድ፦ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ይጠይቁ

የምርመራ መጠየቂያው ላይ «አርፒአር» ከሚል ቃል ሌላ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት በየቀኑ ይደርሰናል። እኔ እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዤ ወደ ታካሚው መሄድ ልማድ አድርጌዋለሁ፤ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ባለፈው አንድ ወር ትኩሳት ነበረብዎ? ቀን በቀን ነበር ወይስ ለቆዎት ከሳምንት በኋላ ተመለሰ? ወባ ተብለው መድኃኒት ወስደዋል? የት አድረው ነበር፣ ልብስ መቀየሪያስ ነበርዎ? ከዚህ በፊት ለቂጥኝ የፔኒሲሊን መርፌ ተወግተዋል? ክትባት ወስደዋል?

በእኛ አካባቢ እነዚህ ጥያቄዎች ከየትኛውም ቦታ የበለጠ ክብደት አላቸው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች፤ በ2022 አኖፊለስ ስቴፈንሲ በተባለችው ከተሜ የወባ ትንኝ ምክንያት የወባ ወረርሽኝ ገጥሟታል። አጣዳፊ ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች በዚህ መጠን በሚመረመሩበት ከተማ፣ ዝቅተኛ ታይተር (ሴረሙ ምን ያህል ቀጥኖም ምላሽ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ልክ) ያለው የሐሰት ሪአክቲቭ አርፒአር ሊበዛ ይችላል። ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው መንገደኛም በድሬዳዋ በኩል ነው የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ የሚገኙ ሐኪሞች ከአፍሪካ ቀንድ በመጡ ወጣት ስደተኞች ላይ የሚያገረሽ ትኩሳትን ሲያገኙ፣ ይህ በሽታ ከመንገደኛው ጋር ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ታይቷል። ሐረር ላይ ደግሞ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ የሚታወቀውን የቢሲዲሞን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ሥጋ ደዌ የነበረበት ወይም ያለበት ሰው ወደ ላቦራቶሪያችን መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በሥጋ ደዌ ምክንያት የሚመጣው የካርዲዮሊፒን አንቲቦዲ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ታይቶ እንደሚጠፋው የወባው ዓይነት አይደለም።

ደረጃ ሁለት፦ ትኩሳት ካለ ስላይድ ይቅደም

ታካሚው በምርመራው ሰዓት ትኩሳት ካለበት ሴረሙን ከመመርመር በፊት ወፍራምና ቀጭን የደም ስላይድ ይሥሩ፤ ለወባ የሚሠራው ያው ስላይድ ይበቃል። ስላይዱ ባክቴሪያውን ራሱን ያሳያል፤ አንቲቦዲ ላይ የተመሠረተ ግምት አያስፈልገውም። ደሙ መወሰድ ያለበት ትኩሳቱ እያለ ነው፤ ለቆት ባለበት ሳምንት ቦሬሊያ በደም ውስጥ እጅግ ያንሳል ወይም ፈጽሞ አይታይም።

በጊምሳ ቀለም የተቀባውን ስላይድ በ100ው ሌንስ በኢመርሽን ኦይል ሲያዩት፣ ቦሬሊያ በቀይ ሴሎቹ መካከል እንደ ተጣለ ሐምራዊ ክር ሆኖ ይታያል። ርዝመቱ ከቀይ ሴሉ ስፋት ሊበልጥ ይችላል፤ ጥምዝምዙ ላላ ያለና ሰፋ ሰፋ ያለ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስቱ ተጠላልፈው ይገኛሉ። በወፍራሙ ስላይድ ላይ ከቀለም ዝቃጭና ከጨርቅ ቃጫ ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቃጫ ጫፎቹ የተቆረጡ፣ ውፍረቱም ከዳር ዳር የማይስተካከል ነው፤ ቦሬሊያ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ቀጭን ሆኖ ወደ መጨረሻው ይሾላል። ወባ ብቻ ፈላጊ ዓይን ይህን ክር አልፎት ይሄዳል፤ ስለዚህ በክረምት፣ በተለይ በጠባብ ቦታ ተጨናንቀው ከሚያድሩ ሰዎች የመጣ ስላይድ «ወባ የለም» ተብሎ ከመጣሉ በፊት ሁለተኛ ዙር ይታይ። የትሬፖኔማ ፓሊደም ውፍረት 0.2 ማይክሮሜትር እንኳ ስለማይሞላ በዚህ ስላይድ ላይ አይታይም፤ ሌፕቶስፓይራም እንዲሁ። በጊምሳ ስላይድ ላይ ስፓይሮኬት ካዩ ያዩት ቦሬሊያ ነው።

ይህን ደረጃ መዝለል የሚያስከትለው ጉዳት ከስም መሳሳት ያለፈ ነው። የሚያገረሽ ትኩሳት ያለበት ሰው በአርፒአር ብቻ ተመርኩዞ ቂጥኝ ነው ተብሎ ፔኒሲሊን ተወግቶ ወደ ቤቱ ቢላክ፣ ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ የሚመጣው ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የሚባለው ምላሽ ክትትል በሌለበት ያገኘዋል። በቦሬሊያ ላይ ይህ ምላሽ ከቂጥኙ እጅግ የከፋ ነው፤ ብርቱ ብርድና ማንቀጥቀጥ፣ የሙቀት መጨመር፣ ከዚያም የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። ሰው ሊሞትበት ይችላል። ስለዚህ ቦሬሊያ የታየበት ስላይድ ውጤት በወረቀት እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ለሐኪሙ ወዲያው በአፍ ይነገራል።

ደረጃ ሦስት፦ አርፒአርን በትክክለኛው ሙቀት ይሥሩ

የአሠራሩን ዝርዝር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ 50 ማይክሮሊትር ሴረም በካርዱ ክብ ላይ ይዘረጋል፣ አንድ ጠብታ አንቲጂን ይጨመራል፣ በሮቴተር ላይ በደቂቃ 100 ዙር ለ8 ደቂቃ ይሽከረከራል፣ በደማቅ ብርሃን ሥር ይነበባል። የሚዘነጋው ሙቀቱ ነው። ምርመራው የተሠራለት ክፍል ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ምላሹ ይጠናከራል፣ ሲያንስ ይዳከማል። ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በኋላ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል፣ ከ29 በታች ማግኘት ዘበት ነው፤ ሐረር ላይ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ክፍሉ 23 አይሞላም። ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይና 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች፣ አንዱን ሪኤጀንት ይዘው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ስለዚህ ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ይስቀሉ፤ የየዕለቱንም ሙቀት ከኮንትሮሎቹ (ውጤታቸው አስቀድሞ ከሚታወቀው መፈተኛ ናሙናዎች) ውጤት ጎን ይመዝግቡ። ድሬዳዋ ያላችሁ ባልደረቦቼ ናሙናውን አከማችታችሁ በማለዳ ብትሠሩ፣ ሐረር ያላችሁ ደግሞ ረፈድ ሲል ብትጀምሩ ይሻላል። አንቲጂኑን ከፍሪጅ አውጥተው ወዲያው አይጠቀሙበት፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ። ደካማ ሪአክቲቭ የሆነው ኮንትሮል በትክክል ካልተነበበ የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ አይላኩ።

ደረጃ አራት፦ ታይተሩን ይለኩ

ሪአክቲቭ የሆነ ናሙና ሁሉ በሳላይን እየተቀጠነ፣ 1:2፣ 1:4፣ 1:8 እያለ ምላሹ እስኪጠፋ መለካት አለበት። ከካርዲዮሊፒን መጋራት የሚመጣው የሐሰት ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ1:8 አይበልጥም። ይህ ማለት ግን ዝቅተኛ ታይተር ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የቆየ ወይም የታከመ ቂጥኝም 1:2 ይሰጣል። በተቃራኒው አንቲቦዲ እጅግ የበዛበት ሴረም ሳይቀጠን ሲመረመር ነን-ሪአክቲቭ ወይም ሻካራ መስሎ የሚታይበት ፕሮዞን የሚባል ሁኔታ አለ፤ ምልክቱ ቂጥኝን እያሳየ ካርዱ ዝም ካለ ሴረሙን 1:16 አቅጥነው እንደገና ይሞክሩት።

ደረጃ አምስት፦ በቲፒኤችኤ ያረጋግጡ፣ ዳይሉየንቱንም በሌላ አይተኩ

ቲፒኤችኤ የትሬፖኔማ ፓሊደም አንቲጂን በተቀቡ ቀይ የደም ሴሎች የሚሠራ የማረጋገጫ ምርመራ ነው፤ ዳይሉየንቱ ደግሞ ሴረሙ የሚቀጥንበት የኪቱ ፈሳሽ ነው። የጋራ አንቲጂን ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚጎላው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ራይተር የሚባል፣ በሽታ የማያመጣና በላቦራቶሪ ሊራባ የሚችል ትሬፖኔማ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከዚህ ባክቴሪያ የወጣ ፕሮቲን ራሱ የቂጥኝ መመርመሪያ አንቲጂን ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የቂጥኝ ሴረም ከእርሱ ጋር የሚጣበቀው በጋራው አንቲጂን ምክንያት ነበርና። በዚሁ ዘመን ትሬፖኔማ ፓሊደምን በስላይድ ላይ አድርቆ በሚያበራ ቀለም የሚመረምረው ኤፍቲኤ የተባለው ዘዴ መጣ፤ ጤነኞችንም ሪአክቲቭ ስላደረገ ሴረሙን 1:200 ማቅጠን ግድ ሆነ። ያ ደግሞ እውነተኛ ታካሚዎችን ማሳለፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተገኘው መፍትሔ ድንቅ ነው፤ ሴረሙን አስቀድሞ ከራይተር ትሬፖኔማ ጭማቂ ጋር ማደባለቅ። ለጋራው አንቲጂን የተሠሩት አንቲቦዲዎች ከጭማቂው ጋር ተጣብቀው ይያዛሉ፤ ነፃ ሆነው የሚቀሩት ለትሬፖኔማ ፓሊደም ብቻ የተሠሩት ናቸው። ቀድሞ ማጥመጃ የነበረው ነገር ማጣሪያ ሆነ። ኤፍቲኤ-ኤቢኤስ በተባለው በዚህ በተሻሻለው ኤፍቲኤ ውስጥ ሶርበንት የሚባለው ይህ ነው፤ በቲፒኤችኤ ኪት ውስጥም ዳይሉየንት ተብሎ በተለጠፈው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ማጣሪያ ነው።

በብዙ ኪቶች አሠራሩ እንዲህ ነው። 10 ማይክሮሊትር ሴረም ከ190 ማይክሮሊትር ዳይሉየንት ጋር ተደባልቆ 1:20 ይሆናል። ከዚህ 25 25 ማይክሮሊትር በሁለት ጉድጓዶች ይጨመራል፤ በአንዱ 75 ማይክሮሊትር ቴስት ሴል፣ በሌላው 75 ማይክሮሊትር ኮንትሮል ሴል ይገባል፤ የመጨረሻው ቅጥነት 1:80 ነው። ፕሌቱ ሳይነቃነቅ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ሪአክቲቭ ሲሆን ሴሎቹ የጉድጓዱን ወለል እንደ ምንጣፍ ይሸፍናሉ፤ ካልሆነ መሐል ላይ እንደ ቁልፍ ይሰበሰባሉ። የእርስዎ ኪት ሌላ መጠን ካዘዘ የእርሱን ይከተሉ።

አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ የዳይሉየንቱ ጠርሙስ ከሴሎቹ ቀድሞ አለቀ። ሴረሙን የምናቀጥነው ለማሳሳት ብቻ ነው በሚል ግምት በሳላይን ተተካ። በዚያ ሳምንት ሪአክቲቭ የሆኑት ናሙናዎች ብዛት አስደነገጠን፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግን ቀናት ፈጅቶብናል፣ ምክንያቱም ኮንትሮል ሴሎቹ ንጹሕ ነበሩ። ያሳሳተንም ይኸው ነው። ኮንትሮል ሴሉ አንቲጂን ያልተቀባ ባዶ ቀይ ሴል ነው፤ ሴረሙ ቀይ ሴሉን ራሱን የሚጠላ አንቲቦዲ ካለው ይይዘዋል። ለስፓይሮኬቶች የጋራ አንቲጂን የተሠራውን አንቲቦዲ ግን ሊይዘው አይችልም፤ ያ አንቲጂን ያለው በቴስት ሴሉ ላይ ብቻ ነውና። ይህን ስሕተት የሚያስቀር ብቸኛው ነገር ዳይሉየንቱ ነው። ስለዚህ ዳይሉየንት ካለቀ ምርመራው ይቆማል፤ የአንዱን ኪት ዳይሉየንት ከሌላ አምራች ሴል ጋር ማጋባትም አይፈቀድም።

በጣት ደም የሚሠሩት ፈጣን ስትሪፖች ማጣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ሙሉውን ባክቴሪያ በመቀባት ፈንታ በላቦራቶሪ የተመረቱትን የተለዩ ሊፖፕሮቲኖች ስለሚጠቀሙ የመጋራቱ ችግር ቀድሞውኑ ይቀንሳል። ለቅድመ ወሊድ ክትትል እጅግ ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን አንዴ ሪአክቲቭ የሆነ ሰው ከታከመ በኋላም በአብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ ሪአክቲቭ እንደሆነ ይቀራል፤ ቲፒኤችኤም እንዲሁ። መዳንን ለመከታተል የሚያገለግለው የአርፒአር ታይተር ነው።

ደረጃ ስድስት፦ ሁለቱን ውጤቶች አብረው ያንብቡ

አርፒአር ሪአክቲቭ፣ ቲፒኤችኤ ነን-ሪአክቲቭ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምላሹ ከካርዲዮሊፒን መጋራት የመጣ ነው። በደረጃ አንድ የተጠየቀው የትኩሳት ታሪክ እዚህ ላይ ዋጋውን ያገኛል። ሆኖም ገና በጅምር ላይ ያለ ቂጥኝን ፈጽሞ ለማስወጣት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ይደገሙ።

አርፒአር ነን-ሪአክቲቭ፣ ቲፒኤችኤ ሪአክቲቭ ሲሆን በጣም የሚገመተው ቀድሞ የታከመ ወይም ለረዥም ጊዜ የቆየ ቂጥኝ ነው፤ ገና የጀመረም ሊሆን ይችላል። ፕሮዞን እንዳልሆነ ያረጋግጡ። ታካሚው በልጅነቱ ያውስ ወይም ቤጄል በነበረበት አካባቢ አድጎ እንደሆነም ይጠየቅ።

ሁለቱም ሪአክቲቭ ሲሆኑ ቂጥኝ ነው ብሎ መነሣት ትክክል ነው፤ አንድ ሁኔታ ሲቀር። በስላይዱ ላይ ቦሬሊያ ከታየ ወይም ታካሚው የሚያገረሽ ትኩሳት ይዞት ከዳነ ሳምንታት ብቻ ከሆኑ፣ ሁለቱም ምርመራዎች በጋራ አንቲጂን ምክንያት ሊነሡ ስለሚችሉ የቂጥኙ ጥያቄ በይደር ይያዝ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ይደር አይባልም። ቂጥኝ ጽንሱን የሚገድልና የሚያጎድል በሽታ ነው፤ ሁለቱም ሪአክቲቭ ከሆኑና ለፔኒሲሊን አለርጂ ከሌላት በዚያው ቀን ቤንዛታይን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት መጀመር፣ ያለ አስፈላጊነቱ መርፌ ከመስጠት ጉዳት እጅግ የሚበልጥ ጥቅም አለው። በእርግጥ ትኩሳት ካለባትና ቦሬሊያ ከታየ መርፌው መሰጠት ያለበት ሆስፒታል ተኝታ፣ ክትትል እየተደረገላት ነው።

ደረጃ ሰባት፦ ሁለተኛውን ናሙና ከመጀመሪያው ጎን ያቁሙት

የመጀመሪያውን ሴረም ከፊሉን በትንሽ ቱቦ አድርገው፣ ስምና ቀን ጽፈው፣ በፍሪዘር ያስቀምጡ። ሁለተኛው ናሙና ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ካርድ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ይሥሯቸው፤ የሙቀትና የሪኤጀንት ልዩነት ከንጽጽሩ ይወጣል። ትርጉም ያለው ለውጥ ሁለት እርከን፣ ማለትም አራት እጥፍ ነው፤ ከ1:16 ወደ 1:4 ወይም ከ1:4 ወደ 1:16። ከ1:2 ወደ 1:4 መሄድ ለውጥ አይባልም። በአጣዳፊ ትኩሳት ምክንያት የመጣ የካርዲዮሊፒን ምላሽ በስድስት ወር ውስጥ ይጠፋል፤ ከዚያ ካለፈ ሉፐስን፣ ሥጋ ደዌንና መሰል ሕመሞችን መፈለግ ይገባል።

በመግቢያዬ የጠቀስኳት ሴት ቲፒኤችኤ በዚያው ቀን ተሠራላትና ነን-ሪአክቲቭ ሆነ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ተደገሙ፤ የአርፒአሯም ካርድ ጠርቶ ታየ። በዚያኛው ቀን ባለቤቷም አብሯት መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም አስቀምጬ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አሳየኋቸው።

ስለ ሌፕቶስፓይራና ስለ ላይም አጭር ማስታወሻ

የሌፕቶስፓይራ ምርመራ ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ከ250 በላይ ሴሮቫሮች፣ ማለትም በአንቲጂናቸው የሚለያዩ ዓይነቶች፣ አሉት፤ ማት የሚባለው የማጣቀሻ ምርመራ የታካሚውን ሴረም ከብዙ ሕያው ሴሮቫሮች ጋር እያገናኘ የትኛው እንደሚጓጐል ያያል። በሕመሙ መጀመሪያ ሳምንታት ሴረሙ ከያዘው ሴሮቫር ይልቅ ከዘመዱ ጋር አጥብቆ ሊጓጐል ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ ናሙና ተነሥቶ የሴሮቫሩን ስም መጥራት ስሕተት ነው። በአንጻሩ ፓቶክ የተባለው በሽታ የማያመጣ ዝርያ ለመላው ወገን የጋራ የሆነ አንቲጂን ስላለው ሆን ተብሎ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ያገለግላል። የጋራ አንቲጂን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ ጥያቄው ሰፊ ሲሆን መልሱም ሰፊ መሆኑ ይጠቅማል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አልፎ አልፎ በመዥገር የሚተላለፈውን የላይም በሽታ ውጤት ይዘው ይጠይቁናል። ላይምን የሚያመጣው ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ የግርሻው ቦሬሊያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቀድሞ የሚያገረሽ ትኩሳት የነበረበት ሰው ኤላይዛ በሚባለው የመጀመሪያ የማጣሪያ ምርመራ ሪአክቲቭ ሊሆን፣ የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎትም የ41 ኪሎዳልተን መስመር ሊያሳይ ይችላል። ያ መስመር ፍላጀሊን ነው። አይጂጂ ለሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት መስፈርቱ ከ10 መስመሮች 5ቱ መታየት ስላለባቸው፣ የ41 መስመር ብቻውን ምንም አይወስንም። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ግሊፒኪው የተባለው ፕሮቲን ነው፤ የሚያገረሽ ትኩሳት ቦሬሊያዎች አላቸው፣ የላይም ቦሬሊያዎች የላቸውም።

ውጤቱን ሲጽፉ

«ቂጥኝ ፖዘቲቭ» ብለው አይጻፉ። የተሠራውን ምርመራ ስም፣ ታይተሩን፣ የማረጋገጫውን ውጤት፣ በቅርብ የነበረውን ትኩሳት፣ የሚደገምበትንም ቀን ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «አርፒአር ሪአክቲቭ 1:2፤ ቲፒኤችኤ ነን-ሪአክቲቭ፤ ታካሚዋ ከሁለት ሳምንት በፊት ለወባ ታክማለች፤ ምላሹ ከቂጥኝ ውጭ በሆነ ምክንያት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ከአራት ሳምንት በኋላ ይደገም፤ የመጀመሪያው ሴረም ተቀምጧል።» ወረቀቱ ለታካሚው በሰው ፊት ጮክ ተብሎ አይነበብ፤ በር ተዘግቶ፣ ተቀምጠው፣ እርሷ ወይም እርሱ ጥያቄያቸውን እስኪጨርሱ ተጠብቆ ይሰጥ።